የመኪና የፊት መብራት ማሻሻያዎች ከሕግ አንጻር ሲነጻጸሩ፦ የትኛው ይገዛ?

የመኪናው የፊት መብራት የደከመበት ሰው ማሻሻያ መፈለግ ሲጀምር አምስት ዓይነት አማራጭ ይቀርብለታል፦ ከተለመደው የጠነከረ የሃሎጅን አምፖል፣ በሃሎጅን ቦታ የሚገባ የኤልኢዲ አምፖል፣ የዜኖን መቀየሪያ (በሃሎጅን ቦታ ዜኖን የሚባል ጋዝ ያለበትን አምፖል የሚያስገባ ዕቃ)፣ ሙሉ የፊት መብራት ወይም ተጨማሪ ፓውዛ። በማሸጊያዎቹ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የብርሃኑ ብዛት ነው። ሕጉ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው አምፖሉና አምፖሉ የሚገባበት መብራት አብረው ተፈትነው እንደሆነ ነው። እኔም አማራጮቹን የማነጻጽረው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በምርመራ ወድቆ የሚነቀል ዕቃ ማሻሻያ ሊባል አይችልም።

በዓለም ላይ ሁለት ዋና ዋና የደንብ ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1958 በተደረገ ስምምነት ላይ የተመሠረተውና በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ያለው ነው። በዚህ ሥርዓት አምራቹ ዕቃውን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት በአንድ አባል አገር ባለሥልጣን ዘንድ አስፈትኖ ፈቃድ ያገኛል፤ ፈቃዱም በክብ ውስጥ በተጻፈ «ኢ» በሚባለው የላቲን ፊደልና ፈቃዱን በሰጠው አገር ቁጥር ይታወቃል። ቁጥር 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 11 ደግሞ ብሪታንያ ነው። ሁለተኛው ሥርዓት የአሜሪካ የፌዴራል ተሽከርካሪ ደኅንነት መስፈርት ቁጥር 108 ነው። በዚያ አገር መንግሥት አስቀድሞ ፈቃድ አይሰጥም፤ አምራቹ ራሱ መስፈርቱን ማሟላቱን አረጋግጦ «ዲኦቲ» የሚለውን ምልክት (የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል) በሌንሱ ላይ ያትማል። ስለዚህ በካርቶን ላይ «በዲኦቲ የጸደቀ» የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ ሊጠራጠር ይገባዋል፤ በዚያ አሠራር መንግሥት የሚያጸድቀው መብራት የለምና።

ሁለቱ ሥርዓቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ የፊት መብራት የሚፈቀደው ከተሠራለት የአምፖል ዓይነት ጋር ብቻ መሆኑ ላይ ይስማማሉ። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሃሎጅን አምፖል ውስጥ ያለው የሚግለው ክር ቀጭንና አጭር ሲሆን፣ በዙሪያው ሁሉ ብርሃን ይረጫል፤ የመብራቱ አንጸባራቂ ጠመዝማዛ ገጽም የተሰላው ይህ ክር በተወሰነ ቦታ ላይ እንደሚገኝ ታስቦ ነው። አጭሩንና ረጅሙን መብራት አንድ ላይ በያዘው፣ ኤች4 በሚባለው የሃሎጅን አምፖል ላይ ደግሞ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ አለች፤ ሥራዋም ወደታች የሚሄደውን ብርሃን አግዳ፣ ተንጸባርቆ ወደ ላይ በመውጣት ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን እንዳያጥበረብር ማድረግ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ቅርጹን ወይም ቦታውን በጥቂት ብቻ ሲቀይር፣ መንገዱ ላይ ማረፍ የነበረበት ብርሃን ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። በጠባብ መንገድ ላይ ከእንዲህ ያለ መብራት ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ለጥቂት ሰከንዶች መንገዱ የጠፋበት ሰው፣ ሕጉ ለምን እንዲህ ጥብቅ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከአምስቱ አማራጮች በሕግ ረገድ ጭንቀት የሌለበት የተፈቀደው ጠንካራ ሃሎጅን ነው። በአውሮፓው ሥርዓት ደንብ ቁጥር 37 ለእያንዳንዱ የሃሎጅን ዓይነት መጠኑን፣ የኃይል ፍጆታውንና የብርሃን ብዛቱን ይወስናል፤ ለምሳሌ ኤች7 የሚባለው ባለ12 ቮልት አምፖል 55 ዋት ሲሆን፣ ብርሃኑ 1500 ሉመን (የጠቅላላ ብርሃን መለኪያ) ሆኖ ከዚያ 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። እንግዲህ «150 በመቶ ተጨማሪ ብርሃን» የሚል የተፈቀደ አምፖል ይህን ጣሪያ ሳያልፍ እንዴት ተስፋውን ይሞላል? ጭማሪው የተለካው በጠቅላላው ብርሃን ላይ ሳይሆን በመንገዱ የተወሰነ ክፍል ላይ ነው፤ ክሩ ይበልጥ ስለታመቀና ስለጋለ ብርሃኑ ወደ ሩቅ ይሰበሰባል። ዋጋው የሚከፈለው በዕድሜ ነው፤ እንዲህ ያለ አምፖል ከተለመደው ቶሎ ይቃጠላል። በአንጻሩ 100 ዋት ተብሎ የሚሸጥ ሃሎጅን፣ በተለመደው ሶኬት ቢገባም፣ ከተፈቀደው ፍጆታ እጅግ ያለፈ በመሆኑ በመንገድ ላይ አይፈቀድም፤ ሶኬቱንና ሽቦውንም ሊያቀልጥ ይችላል።

የኤልኢዲ አምፖል ብዙ ሰው የሚጠይቅበትና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመለከተው እፈልጋለሁ። አምፖሉ «ኤች7» ተብሎ ቢሸጥም፣ ኤች7 በደንቡ የሃሎጅን አምፖል ስም ነው፤ ሶኬቱን ማስመሰል ዓይነቱን አያስመስልም። በአሜሪካ የፌዴራል የአውራ ጎዳና ደኅንነት አስተዳደር፣ አምፖላቸው ሊቀየር በሚችል መብራቶች ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል እንዲገባ መስፈርቱ እንደማይፈቅድ በጽሑፍ ሲያስረዳ ቆይቷል፤ መንገድ ላይ መጠቀሙን የሚቆጣጠሩት ግን በዋናነት የየክፍለ ግዛቱ ሕጎች ናቸው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የተሻሻለው የዓመታዊ ምርመራ መመሪያ፣ ከሚያዝያ 1 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋሉ መኪኖች የሃሎጅን መብራት ወደ ኤልኢዲ ወይም ወደ ዜኖን ተቀይሮ ከተገኘ መርማሪው መኪናውን በምርመራው እንዲጥለው ያዛል፤ ሞተር ብስክሌቶች ግን በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡም።

ጀርመን ሌላ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2020 የኦስራም፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፊሊፕስ የኤልኢዲ አምፖሎች በፌዴራሉ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ዘንድ ፈቃድ አግኝተዋል፤ ፈቃዱ የተሰጠው ግን በዝርዝር ለተጠቀሱ የመኪና ሞዴሎችና ለመብራቶቻቸው ነው። በዝርዝሩ ላይ ካለ መኪና ላይ ሕጋዊ የሆነው አምፖል፣ ነቅለው በዝርዝሩ ውስጥ ወደሌለ መኪና ቢያዛውሩት ሕገ ወጥ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ አምፖል ሕጋዊ ነው?» የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው፤ «በየትኛው አገር፣ በየትኛው መኪና፣ በየትኛው መብራት ውስጥ?» ተብሎ መሟላት አለበት። ፈቃዱም ድንበር አይሻገርም፤ አንድ አገር የሰጠው ብሔራዊ ፈቃድ በጎረቤት አገር መንገድ ላይ በራሱ ጊዜ መብት አይሆንም።

የማሸጊያውን ምልክቶችም ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። «ሲኢ» የሚለው ምልክት ከአውሮፓ የምርት ሕጎች ጋር የተያያዘ የአምራቹ መግለጫ ነው፤ «አይፒ67» አቧራና ውኃ እንደማያስገባ ይናገራል። ሁለቱም መብራቱ ለመንገድ መፈቀዱን አያሳዩም። በትንንሽ ፊደል «ከመንገድ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ፣ ሻጩ ራሱ ኃላፊነቱን ወደ ገዢው ማሻገሩ ነውና ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

የዜኖን መቀየሪያ በአጭሩ የሚታለፍ ነው፤ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የሚገባው ይህ ዕቃ በሁለቱም ሥርዓቶች አይፈቀድም። ከፋብሪካው ዜኖን ሆኖ በወጣ መኪና ላይ የሚሠራው ዲ2ኤስ አምፖል 3200 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ይህም የኤች7ን እጥፍ ያልፋል። በዚህም ምክንያት ደንብ ቁጥር 48 የአጭር መብራት ምንጩ ከ2000 ሉመን ካለፈ መኪናው ጭነት ሲበዛበት ጨረሩን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያና የመብራት ማጠቢያ እንዲኖረው ሲያዝዝ ቆይቷል። በመቀየሪያው ካርቶን ውስጥ ከሁለቱ አንዱም አይገኝም። ከፋብሪካ ዜኖን የተገጠመለት መኪና ባለቤት ግን ያው ዓይነት የተፈቀደ አምፖል ቢተካ ችግር የለበትም።

ሙሉውን የፊት መብራት መቀየር ውድ ቢሆንም፣ ከሃሎጅን ወደ ኤልኢዲ ለመሻገር ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መብራቱና የብርሃን ምንጩ አብረው ተሠርተው አብረው ተፈትነዋልና። ሆኖም በሌንሱ ላይ የተቀረጸውን ማንበብ ግዴታ ነው። «ኤችሲአር» ለሃሎጅን አጭርና ረጅም መብራት የተፈቀደ መሆኑን፣ «ዲሲአር» ደግሞ ለዜኖን መሆኑን ያመለክታል። ቀስት ከሌለበት መብራቱ የተሠራው በቀኝ ለሚነዳበት አገር ነው፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳይ ቀስት ካለ በግራ ለሚነዳበት አገር ነው፤ ወደ ሁለቱም ወገን የሚያመለክት ቀስት ካለ ለሁለቱም ይሆናል። ይህን ሳያዩ መግዛት ማለት የአጭሩ መብራት ከፍ ያለ ጎን ወደ መንገዱ ዳር መሆኑ ቀርቶ ወደ ተቃራኒው መስመር እንዲዞር ማድረግ ነው። ከዚህም ሌላ መብራቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሞተር ከመኪናው ጋር የሚገናኝ መሆኑን ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ተጨማሪ ፓውዛ ለሩቅ እይታ ከፊት አምፖል ይልቅ ሊጠቅም ይችላል፤ ነገር ግን ምልክት ያለውና ከረጅሙ መብራት ጋር ብቻ እንዲበራ የተገናኘ መሆን አለበት። በአውሮፓው ደንብ በእያንዳንዱ የረጅም መብራት ላይ የተጻፈው፣ የብርሃኑን ጥንካሬ የሚያመለክተው የማመሳከሪያ ቁጥር ሁሉም አብሮ ሲደመር ከ100 ማለፍ አይችልም። በጣሪያ ላይ የሚገጠሙ ምልክት የሌላቸው ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች ይህን ስሌት ከመጀመሪያው አይሞሉም። የፊት መብራት ቀለም ነጭ መሆን ስላለበትም ሰማያዊ የሚያበሩ አምፖሎችና ሌንስ የሚያጠቁሩ ፕላስቲኮች መቅረት አለባቸው፤ የኬልቪን ቁጥር (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ) መጨመርም ብርሃኑን ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል እንጂ አያበዛውም።

እንግዲህ ምርጫው እንደ ሁኔታው ይለያያል። ብርሃን ትንሽ እንዲጨመርለት የሚፈልግ ሰው የተፈቀደ ጠንካራ ሃሎጅን ይግዛ፤ ቶሎ እንደሚቃጠል አውቆም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይቀይር። የኤልኢዲ አምፖል የሚፈልግ ሰው የሚጠቀምበት አገር የሚቀበለው ፈቃድ ያለውና መኪናው በስም የተጠቀሰበት ዝርዝር ካላገኘ ይተወው። ብዙ የሌሊት መንገድ ያለበትና አቅም ያለው ሰው የተፈቀደ ሙሉ መብራት ቢያስገጥም ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያለው መብራት የደከመበት ምክንያት ይመርመር። የሃሎጅን አምፖል የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲያንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የዛገ የመሬት ሽቦ ብቻውን ይህን ሊያደርግ ይችላል። የደበዘዘ የፕላስቲክ ሌንስም ብርሃኑን በትኖ ማጥበርበር ይፈጥራል። አምፖል በተቀየረ ቁጥር ደግሞ አቅጣጫው ይለካ፤ 1 በመቶ ዝቅታ ለተጻፈበት መብራት፣ ከ10 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ግድግዳ የአጭሩ መብራት የላይኛው ወሰን ከመብራቱ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት፤ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ጎማዎቹ በትክክል ተነፍተው፣ ከፍታ ማስተካከያውም ዜሮ ላይ ሆኖ።