ሞተሩ ሞቆ የጠበቃችሁን ናፍጣ መኪና እንዳትገዙ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ትናንት ሐሙስ ሃይሉክስ ዲፎርዲ፣ የቶዮታን ናፍጣ ፒክአፕ፣ ገዛሁ። ዛሬ ማታ ጋራዥ ነው የምታድረው።

ደላሎቹን ታውቋቸዋላችሁ። «የዶክተር መኪና ናት፣ ከቤት ቤተክርስቲያን ነው የተነዳችው»፣ «ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው»። ይሄን ስሰማ በሆዴ እየሳቅኩ ነበር። አልሸወድም ባይ!

የሚያበግነኝ አንዲት ደቂቃ ናት። ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ሳር ቤት ከደላላው ጋር ተገናኘን። ብርድ ነበር። ኮፈኑን ሲከፍትልኝ እጄን ሞተሩ ላይ ባሳርፍ ሊልጠኝ ምንም አልቀረው። «ሞቋል እኮ» አልኩት። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ላሳጥባት ወስጃት መምጣቴ ነው» አለኝ። ጎማዋ ላይ ያለው ጭቃ እንኳ አልለቀቀም! እኔስ ምን አልኩ? አመሰገንኩት። አመሰገንኩት እኮ! ቁልፉን ሲያዞረው ባንዴ ተነሳች፣ ጭስ የለ ምን የለ፣ ደስ አለኝ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በካንዴላ ብልጭታ አይነድም፣ የታመቀው አየር ግለት ነው የሚያነደው፣ ስለዚህ የደከመ ሞተርም ከሞቀ ጤነኛ ይመስላል፣ ጉዱ የሚወጣው ሲቀዘቅዝ ነው። ይሄን ደግሞ 15 ዓመት ናፍጣ ስነዳ አውቀዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቁልፍ ባዞር እምቢ። አራተኛው ላይ እየተንገጫገጨች ተነሳች፣ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ባለቤቴ ያሰጣችውን በርበሬ ልታስገባ ሮጠች። መካኒኬ ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ቢፈታው እንደ ጀበና አፍ ይተነፍሳል። ዘይቱ እንደ ማር ይጎተታል፣ ጭሱን እንዲይዝላቸው ወፍራም ሞልተውበታል። «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ።

ለደላላው ደወልኩ። 2 ፐርሰንቱን ሲቀበል ጉልበቴን ሊስም የደረሰው ልጅ፣ ከጀርባው ሳቅ እየተሰማ፣ «ጋሼ፣ ናፍጣ እኮ ጠዋት ጠዋት ይኮራል። ደግሞስ አይተው ወደው ፈርመው የለ?» ብሎ ዘጋው። እውነቱን ነው፣ ፈርሜያለሁ። መካኒኬን ይዤ ያልሄድኩት 1,500 ብር ልቆጥብ ብዬ ነው።

ለማንኛውም ማልዳችሁ፣ ሳትነግሯቸው ሂዱ። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ ቁልፉን መልሱና ነገ እመጣለሁ በሉ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑንም አስፈቱት፣ እንደ ጀበና ከተነፈሰ ተዉት። እኔ ነገ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው፣ የፋሻ ዋጋ ልጠይቅ ነው።