ለአዛውንት ወላጅ፦ መንከባከቢያ ማዕከል ወይስ ቤት የሚመጣ ተንከባካቢ?

ወጪ፦ ተንከባካቢ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ከሆነ ቤት ይረክሳል። ሌሊትም ካስፈለገ ሁለት ሦስት ሰው በፈረቃ መቅጠር ይመጣል፤ ያኔ ማዕከሉ ሊቀንስ ይችላል።

ምቾት፦ ቤት ያሸንፋል። ማዕከል ውስጥ እራቱም መኝታውም በሰዓት ነው። ግን አብሮ የሚያወራ ሰው አለ፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥንቃቄ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ከአልጋ የማይነሱ አዛውንት በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጡ ቆዳቸው ሊቆስል ይችላል። ብዙ ጊዜ ተረከዝና መቀመጫ አካባቢ ይጀምራል። ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት የመጀመሪያው ምልክት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ላይታይ ስለሚችል በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። ጥሩ ማዕከል ማገላበጡንም የመድኃኒት ሰዓቱንም ይመዘግባል። ስትጎበኙ የሚያብረቀርቀውን ሳሎን ተዉትና መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ ጠይቁ፤ ሌሊት ስንት ሠራተኛ እንደሚያድርም። ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪው እናንተው ናችሁ። ተንከባካቢዋ ድንገት ብትታመም ማን ይተካታል?

ለማን የቱ? ለመታጠብና ለመልበስ ብቻ እገዛ ለሚፈልጉ ቤት ይሻላል። የመርሳት ሕመም ኖሮባቸው ሌሊት ተነስተው ለሚወጡ፣ ወይም ለማንሳት ሁለት ሰው ለሚያስፈልጋቸው፣ ማዕከሉ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን እሳቸውን ጠይቋቸው፤ ብዙ ቤተሰብ ይሄን ይዘላል።