ከጦር በኋላ፦ ቀድሞ ማቀድ ወይስ ሲደርስ ማየት?

ደብረ ማርቆስ ቡና ላይ የወረራ ነገር ሲነሳ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል፦ ከጦሩ በኋላ የሚሆነው ቀድሞ ይታቀድ የሚልና ሲደርስ ይታያል የሚል።

ወጪ፦ ቀድሞ ማቀድ ጊዜና ባለሙያ ይጠይቃል። ሲደርስ ማየት መጀመሪያ ምንም አያስወጣም፤ ኋላ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ተራው ሕዝብ ነው።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ኢራቅን አለማንሳት አይቻልም። አሜሪካ መራሹ ጦር በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1995 ባግዳድን ሲይዝ ከተማዋን በቅጡ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ብሔራዊ ሙዚየሙ ሳይቀር ተዘረፈ። ግንቦት 15 የኢራቅ ጦር በትእዛዝ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያ የለመዱ ሰዎች ያለ ሥራ ቀሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። የእኛም ቁስል አለ፦ ጎጃም ላይ ጣልያንን መግቢያ መውጫ ያሳጣው በላይ ዘለቀ ከድል በኋላ በ1937 በገዛ አገሩ መንግሥት በስቅላት ተቀጣ። ይህ ሲነሳ አጠገቤ የነበሩ አባት ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

ቅለት፦ ሲደርስ ማየት ይቀላል። ዕቅድም ቢሆን መሬት ላይ ያለውን ሁሉ አያውቅም።

ለማን ይሆናል፦ ወራሪ ድንገት ለመጣበት ነፍስ ማዳን ይቀድማል፤ ሌላው ሲደርስ ይታያል። ዘመቻውን ራሱ የሚጀምር ግን ፖሊሱን፣ ደመወዙን፣ ውሃውን ማን እንደሚይዝ ሳይወስን አንድ ወታደር ማንቀሳቀስ የለበትም።