ተንሸራታቹ የአሉሚኒየም መስኮታችን ከአንድ ክረምት በኋላ

ባለፈው ጥር የገባንበት ቤት መስኮቶች በሙሉ ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮቶች ናቸው። በጋውን ስለ እነርሱ የሚያስጽፍ ነገር አልነበረም፤ ያለ ችግር ይከፈታሉ፣ ብርሃን ያስገባሉ፣ ቀለም አይጠይቁም፣ ዝገት አይነካቸውም። ሐምሌ ሲገባ ግን የታችኛው ሐዲድ እንደ ገንዳ ውሃ መያዝ ጀመረ። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው የሐዲዱን የውስጥ ጠርዝ አልፎ በልስኑ ላይ እየወረደ የመኝታ ቤቱን ፓርኬት አሳበጠው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአመዛኙ ስለ ውሃ ነው።

በማጠፊያ የሚከፈት መስኮት ተዘግቶ እጀታው ሲዞር ክንፉ ዙሪያውን ባለው ጎማ ላይ ተጭኖ ይቀመጣል። ተራው ተንሸራታች መስኮት ግን ክንፉ በሐዲዱ ላይ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ስላለበት እንዲህ ተጭኖ ሊዘጋ አይችልም፤ በክንፉና በመቃኑ መካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሸፍነው ብሩሽ ነው፤ ብሩሽ ደግሞ አቧራንና ነፋስን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ውሃን አያግድም። ውሃ ወደ ሐዲዱ መግባቱ እንግዲህ በዚህ መስኮት አሠራር ውስጥ ከመነሻው የታወቀ ነገር ነው። የገባው ውሃ ተመልሶ እንዲወጣ በሐዲዱ የውጭ ፊት፣ ከግርጌው፣ ትናንሽ ቀዳዳዎች መበሳት አለባቸው። በእኛ ቤት ከመስኮቶቹ ገሚሶቹ ቀዳዳ የሚባል ነገር የላቸውም፤ የቀሩትም መስኮቱን የገጠመው ሠራተኛ መቃኑንና ግድግዳውን ለማያያዝ በቀባው ሲሊኮን ተደፍነዋል።

ሻጩ ቅሬታዬን ሰምቶ የመለሰልኝ «የዘንድሮው ዝናብ ከብዶ ነው» በማለት ነበር። ይህን መልስ ያኔም አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበለውም። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ በእያንዳንዱ ወር በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በዚህች ከተማ መስኮት የሚሸጥ ሰው ክረምትን በምክንያትነት ሊያቀርብ አይገባውም። ከዚያም ሠራተኛ ልኮ የሐዲዱን የውጭ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሲሊኮን አስቀባው። በዚህም ውሃው የሚወጣበት ቀሪ መንገድ ሁሉ ስለ ተዘጋ፣ ከጥገናው በኋላ የጣለው ዝናብ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ውሃ አስገባ።

ችግሩን በከፊል የፈታው ሌላ ባለሙያ ነው። ሲሊኮኑን ፋቀ፣ በየሐዲዱ ግርጌ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አወጣ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለውንም አንድ መቃን በውሃ ልክ አስተካከለ። ከዚያ በኋላ በረንዳና የጣሪያ ክፈፍ የሚከልላቸው መስኮቶች ጠብታ አላስገቡም። ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው የመኝታ ቤት መስኮት ግን አልዳነም። ምክንያቱን ባለሙያው ሲያስረዳኝ ገባኝ፤ ነፋሱ ከውጭ በሚገፋበት ጊዜ በሐዲዱ ውስጥ ያለው ውሃ ቀዳዳ ቢያገኝም እንኳ መውጣት አይችልም። በእኛ ከተማ ከፍታ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ በመስኮት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለውን ውሃ ለመያዝ ይበቃል። የሐዲዱ የውስጥ ጠርዝ ከዚህ በበቂ ሁኔታ ካልበለጠ ውሃው ወደ ወለሉ ይሻገራል። የእኛው ርካሽ ፕሮፋይል (መቃኑና ሐዲዱ የተሠሩበት የአሉሚኒየም ዘንግ) ጠርዝ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ምንም ያህል ቀዳዳ ቢበሳ መፍትሔ አይሆንም።

መስኮት ሻጮች ደንበኛ ሲመጣላቸው አሉሚኒየም ይሻላል ወይስ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ፣ መስታወቱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን ወይስ ባለ 6፣ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ወይስ ነሐስማ፣ ይህን ሲያወሩ ይውላሉ። መስኮቱ እንዴት እንደሚዘጋና የገባበትን ውሃ በየት እንደሚያስወጣ ሲናገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ስለ ዝናብ በግልጽ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «አሉሚኒየም ውሃ አይጎዳውም» የሚል ነበር። አሉሚኒየሙን በእርግጥ ምንም አልነካውም፤ የተጎዳው ወለሉ ነው። ፒቪሲም ቢሆን በዚያው ንድፍ ተንሸራታች ሆኖ ቢሠራ ያው ውሃ በዚያው መንገድ ይገባ ነበር።

ለተንሸራታች መስኮት የሚቀርበውን አንድ ትክክለኛ ክርክር አልክድም። አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት በመስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ወደ ውጭ የሚከፈት ክንፍ ፍርግርጉን ይመታል፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተው ደግሞ መጋረጃውንና ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ዕቃ ይገፋል። በጠባብ ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም መጋረጃን ፈቀቅ አድርጎ መስቀል ይቻላል፤ ያበጠን ፓርኬት ግን ነቅሎ ከመተካት በቀር ሌላ መላ የለውም።

ስለዚህ በነሐሴ አጋማሽ የመኝታ ቤቱን መስኮት አስነቅዬ በምትኩ በማጠፊያ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ በዙሪያው ድርብ ጎማ ያለው የአሉሚኒየም መስኮት አስገጠምሁ። የመጋረጃውን ዘንግ ከግድግዳው አርቆ መስቀል ግድ ሆነ፤ የካሬ ሜትር ዋጋውም በማጠፊያዎቹና በመቆለፊያው ምክንያት ከተንሸራታቹ ይበልጣል። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም። ያልጠበቅሁት ትርፍም አገኘሁ፤ ከዋናው መንገድ የሚመጣው የመኪና ድምፅ በግልጽ ቀነሰ፣ በጥቅምት የሌሊቱ ብርድ ሲመጣም በመስኮቱ ዳር ይሰማ የነበረው ነፋስ ጠፋ።

በረንዳው የሚከልላቸው ተንሸራታች መስኮቶች ባሉበት ይቆያሉ፤ ቀዳዳዎቻቸው ከክረምት በፊት ከአቧራና ከሞተ ነፍሳት መጽዳት ብቻ ይበቃቸዋል። ለዝናብና ለነፋስ በተጋለጠ ግድግዳ ላይ ግን ይህን ዓይነት መስኮት ለማንም አልመክርም። «የእኛው ፕሮፋይል ይለያል» የሚል ሻጭ ካለ ለእይታ ባቆመው ናሙና ሐዲድ ውስጥ ደንበኛው እያየ አንድ ጆግ ውሃ ያፍስበት፤ ውሃው በውጭ በኩል ፈጥኖ ካልወረደ ስለ መስታወቱ ቀለም መነጋገር አያስፈልግም። በነፋሱ አቅጣጫ ለቀረው የልጆቹ ክፍል መስኮት ቀብድ ከፍያለሁ፤ እርሱም ከሰኔ በፊት በማጠፊያ በሚከፈት ይተካል።