ሰበታ አጠገብ ያለው የተግባር እርሻ ለተማሪ ይሆናል?

የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ለተግባር ልምምድ ውጭ አገር ሲያማትሩ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሰበታ አጠገብ ተማሪ በክፍያ የሚያሠራ እርሻ መረጥሁ።

ዋናው ቁም ነገር የጤፉ ማሳ ነው። ዙሪያውን ኑግ ተዘርቶበታል፤ ከብት ስለማይወደው አጥር ሆኖ ያገለግላል፣ ቢጫ አበባው ደግሞ ንብ ይጠራል። ኑግ ያለ ንብ በደንብ እንደማያፈራ ከመጽሐፍ አውቃለሁ፤ ንቦቹ ጆሮዬ ሥር እየጮኹ ማረም ግን ሌላ ትምህርት ነው። የሚያሠለጥኑን ገበሬ እናት አጠገባችን ጎንበስ ብለው፣ “ልጄ፣ ቅጠሉን ተዪው፤ ከሥሩ ያዢው” እያሉ በእጃቸው ያሳያሉ። ለከፈልሁት ገንዘብ እሳቸው ብቻ ይበቁ ነበር።

የዘር ማሳያ ክፍሉ ግን አናደደኝ። ቀይና ነጭ ጤፍ፣ ጥቁር ገብስ በየማሰሮው ተቀምጧል፤ ከየት እንደመጣ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽሑፍ የለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 የዘር ባንክ ባቋቋመች አገር ይህ ምን ይባላል?

ምሳው ሽሮ ነው፤ አያሳፍርም። በክረምት የምትሄዱ የራሳችሁን ቦቲ ያዙ፤ ጥቁር አፈሩ ይይዛል፣ እዚያ የሚያውሱት ደግሞ ሁሉም ሰፋፊ ነው።