አዳማ ላይ የውርስና የማኅበር ድርሻ ጉዳይ ለገጠማችሁ፦ እኚህን ጠበቃ ሳታዩ ክስ አትክፈቱ

ይህ ምስጋና አዳማ ውስጥ ለሚሠሩ አንዲት ጠበቃ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁ አልጽፈውም፤ የሚያስፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የሠሩትን ግን በዝርዝር አስቀምጣለሁ። የማኅበራት ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች አባወራ ባረፈ ቁጥር ያው ስህተት ሲደገም እናያለንና፣ ለሌላውም ቤተሰብ ይጠቅማል።

የአንድ ቤተሰብ አባት አረፉ። የሟች ሀብት በጂቡቲ መስመር የሚሠሩ የጭነት መኪኖች ያሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ያለ ድርሻ ነው። ከወንድማቸው ጋር መሠረቱት፤ 60 በመቶው የእሳቸው፣ 40ው የወንድም። ሥራ አስኪያጁም እሳቸው ነበሩ። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው አሉ፤ ከጋብቻው በፊት የተወለደች አንዲት ልጅም አለች። ባለቤታቸው የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ፣ በቀዶ ሕክምናው ከብብት ሥር ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ስለተወገዱላቸው ቀኝ እጃቸው አብጧል። እስክሪብቶ ይይዛሉ፣ ፊርማቸው ግን እንደ ድሮው አይወጣም። አንድ ባንክ ፊርማዎ ከናሙናው ጋር አይመሳሰልም ብሎ መልሷቸዋል፤ ቆሞ ምን ሆነው ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ወደ እኚህ ጠበቃ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ የደረሰበትን ስናገር አሁንም ይከነክነኛል። የመጀመሪያው ባለሙያ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ «መኪኖቹ ለወራሾች ይከፋፈሉ» የሚል ክስ አቀረበ። ሊብሬው በማኅበሩ ስም ነው! ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ነው በሕግ፤ መኪኖቹ የማኅበሩ እንጂ የሟች አይደሉም። ሟች የነበራቸው ድርሻ ነው፣ የሚወረሰውም ድርሻው። ክሱ ወደቀ፣ ገንዘቡ አልተመለሰም፣ አጎትየውም «ከሰሱኝ» ብለው አኮረፉ። ሌላው ደግሞ «ውክልናው በልጁ እጅ አለ አይደል? ሞቱን ሳታሳውቁ ሂሳቡን አውጡት» ብሎ መከረ። ውክልና ወካዩ ሲሞት አብሮ ያበቃል። ልጁ ያን ምክር ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሱ ተከሳሽ ነበር። ሦስተኛው እናትን «እርስዎም እንደ ልጆቹ ወራሽ ነዎት» አላቸው፣ የመጀመሪያዋን ልጅ ደግሞ «አንቺ የለሽበትም» ብሎ አሰናበታት። ሁለቱም ስህተት ነው። ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር በድፍረት መናገር ያሳዝናል።

ወደ እኚህ ጠበቃ ሲሄዱ ከሁሉ በፊት የጠየቁት የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍና ማሻሻያዎቹን ነው። ስለ ክስ አላነሱም፣ ስለ ክፍያም አላነሱም። በእርሳስ እያሰመሩ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡት። ከዚያ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አዩ፤ ጋብቻው ከማኅበሩ ምሥረታ ይቀድማል። ቀጥለው ልጆቹን «መጀመሪያ የእናታችሁን ግማሽ እናውጣ፣ ስለ አባታችሁ ውርስ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሏቸው። ያቺ አንድ ንግግር ቤቱን አረጋጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልና ሚስት አይወራረሱም፣ በኑዛዜ ካልሆነ በቀር። ነገር ግን በጋብቻ ዘመን የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም። ስለዚህ ከ60ው ግማሹ፣ 30 በመቶ፣ የእናት የራሳቸው ነው፤ ውርስ አይባልም። ቀሪው 30 በመቶ ለአራቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፣ ለእያንዳንዳቸው 7.5። አራተኛዋ ልጅ ከጋብቻ ውጭ መወለዷ ምንም አይለውጥም፤ አባትነቱ ከታወቀ እኩል ወራሽ ናት። ጠበቃዋ እሷን ከመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አስገቧት። አንድ ወራሽ ተደብቆ የወጣ የወራሽነት ማረጋገጫ በኋላ ይሰረዛል፣ በእሱ ላይ የተሠራው ሁሉ አብሮ ይናጋል። የቀረ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀበት ቀን አንስቶ 3 ዓመት አለው፤ የመጨረሻው ጣሪያ በአብዛኛው 15 ዓመት ነው። ስለዚህ «ትተዋለች» ብሎ ዝም ማለት ዋስትና አይሆንም።

የሥራውን ቅደም ተከተል ላስቀምጥ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዘገባል፤ ያለ ሞት ምስክር ወረቀት ቀጣዩ አይጀመርም። ቀጥሎ የስም ልዩነት። መታወቂያው ላይ ያለው የአያት ስም በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም ነበር፤ ጠበቃዋ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ከወራሽነት ጥያቄው ጋር አብረው አስወሰኑ። ይህን ያላደረገ ሰው ውሳኔውን ይዞ ንግድ ቢሮ ሲደርስ ይመለሳል፣ መዝገቡም እንደገና ይከፈታል። ትንሹ ልጅ 18 ስላልሞላው ሞግዚቱ እናቱ ናቸው፤ የእናትና የልጅ ድርሻ ሲለያይ ግን ጥቅማቸው ይጋጫል፣ ስለዚህ ለዚያ ክፍፍል ብቻ ሌላ ሰው በፍርድ ቤት እንዲሾምለት ጠየቁ።

ከክፍፍል በፊት ዕዳ ይጣራል። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። የማኅበሩ ብድር የማኅበሩ ነው፤ ሟች በግላቸው ዋስ ሆነው ከፈረሙ ግን ዋስትናው የውርሱ ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል። ጠበቃዋ የብድር ውሉን ራሳቸው አስመጥተው የዋስትናውን ገጽ አገኙት። እሱ ሳይታይ ተካፍለው ቢሆን ኖሮ ባንኩ በኋላ እያንዳንዱን ልጅ ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ወደ ማኅበሩ። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ እንደ ቀድሞው ሁሉ የድርሻ ዝውውር በጽሑፍ ሆኖ በአባላት መዝገብ ካልገባ ማኅበሩን አያስገድድም። ባንኩ ሥራ አስኪያጁ ስለሞቱ ሂሳቡን አቁሟል፤ የአሽከርካሪ ደመወዝና የነዳጅ ክፍያ ቆሟል። አጎትየው በ40 በመቶ ብቻቸውን አዲስ ሥራ አስኪያጅ መሾም አይችሉም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የወራሽነት ውሳኔ፣ በአባላት መዝገብ መግባት፣ ጉባኤ፣ የተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ፣ የንግድ ምዝገባ ማሻሻያ፣ መጨረሻ ባንክ። አንዱን መዝለል አይቻልም። አጎትየውን ጠበቃዋ ራሳቸው ሄደው አነጋገሩ፤ እናትና ልጆቹ አባል እንዲሆኑ የተስማሙበት ቃል በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። ያኮረፉት ሰው ናቸው እንግዲህ!

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ለእናትየው ስላደረጉት ነው። ለጉባኤውና ለባንኩ እናት ለልጃቸው ውክልና መስጠት ነበረባቸው። ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቁት «እማማ፣ እጅዎ የሚቀልልዎት መቼ ነው?» ብለው ነው። እንዲህ ያለው እብጠት በአብዛኛው ጠዋት ይቀንሳል፣ ወደ ማታ ይከብዳል። ስለዚህ ቀጠሮውን ጠዋት አደረጉት፤ ቢሮ ድረስ መምጣት ስለሚያደክማቸውም የሰነድ አረጋጋጩ እሳቸው ባሉበት እንዲመጣ አመለከቱ። የተለወጠው ፊርማ ሌላ ጊዜ እንዳያሰናክላቸው የአውራ ጣት አሻራ በአረጋጋጩ ፊት እንዲያደርጉ አደረጉ። ያኔ ከናሙናው አይመሳሰልም የሚል ክርክር አይነሳም።

ውክልናው የተጻፈበት መንገድ ደግሞ የሙያ ብቃት ነው። «ጠቅላላ ውክልና» ብለው አልተዉትም። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በጉባኤ ድምፅ መስጠት፣ የትርፍ ድርሻ መቀበል፣ በክፍፍሉ መስማማት ተዘርዝሯል። ድርሻውን መሸጥና ቤቱን ማስያዝ ግን ሆን ተብሎ ቀርቷል። ልጁ ታማኝ ልጅ ነው፤ ጠበቃዋ ይህን እያወቁም «የእማማን እጅ ማዳከም የለብንም» ብለው የሽያጭ ሥልጣኑን አላስገቡም። ልጁም ራሱ አመሰገናቸው።

የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውሳኔው በዚያ ቋንቋ ወጣ። ጠበቃዋ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ከእናትየው አጠገብ ተቀምጠው ገጽ በገጽ በአማርኛ አነበቡላቸው፣ እያንዳንዱ ቁጥር የማን እንደሆነ እያሳዩ። እናትየው «ልጄ፣ አሁን ገባኝ» ያሉት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የፈረሙትን ወረቀት ማንም አንብቦላቸው አያውቅም።

ስለዚህ አዳማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ሐዘን ደርሶባችሁ ማኅበር፣ ድርሻ፣ መኪና የሚል ጥያቄ ከመጣ በእጃችሁ ያለውን ይዛችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ የማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ ከነማሻሻያዎቹ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሊብሬ ኮፒ፣ የብድር ውል፣ ኑዛዜ ካለ ኑዛዜው። ኑዛዜው በሟች እጅ የተጻፈ ከሆነ በተለይ አትዘግዩ፤ እንዲህ ያለው ከተጻፈበት በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ክፍያቸው በጽሑፍ ውል ነው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ የማያዋጣ ክስ ከሆነ አያዋጣም ብለው ይመልሳሉ። የታመመ ሰው ካለባችሁም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ቀጠሮውን በበሽተኛው ሰዓት ያደርጉታል።

ጠበቃችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።