ኮቴዎን ያሰሙኝ

አባባ ፓርኪንሰን ከያዛቸው አምስት ዓመት ሆናቸው። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ለምደነዋል፣ ያስቸገረን እግራቸው ነው። ይጎተታል፣ እርምጃቸው ያጥራል፣ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጭራሽ መሬት ላይ ይጣበቃል። እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ የፊዚዮቴራፒ ቤት መራመድን በድምፅ ታሠራለች ሲሉኝ ሁለት ወር አመላለስኳቸው። ወቀሳም ስላለኝ ስሟን አልጠራም።

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። መራመድ ለቸገረው ሰው ደረጃ! እኔ ስበሳጭ አባባ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወጡትና የክፍሉ በር ላይ ደርቀው ቀሩ። ፊዚዮቴራፒስቷ አልገረማትም። ደረጃው ለዓይን ምልክት ስለሚሆን ብዙዎቹ አይቸገሩበትም፣ ጠባብ በርና መዞር ነው የሚያስራቸው አለችኝ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል ሲቀንስ ሳናስበው የሚያራምደን ምት ይዛባል፣ ከውጭ የሚሰማ ምት ደግሞ በሌላ መንገድ ያግዘዋል።

መጀመሪያ ያለ ድምፅ አስኬደቻቸውና የአንድ ደቂቃ እርምጃቸውን ቆጠረች፤ 84። ስልኳ ላይ ያለውን ሜትሮኖም፣ እኩል ምት የሚመታውን አፕ፣ በዚያው ልክ አስጀመረች፣ ሲለምዱት ወደ 90 ከፍ አደረገችው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እኔ ምቱ ደመቅ ያለ ዘፈን ይሻላል ብዬ ነበር፣ ሞከርነውም፣ አባባ ግን ግጥሙን ሊያዳምጡ ቆሙ።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነጠላ ጫማቸውን አስወልቃ ሶሉ ጠንካራ የሆነ የቆዳ ጫማ አስደረገቻቸው፣ ሜትሮኖሙን አጠፋችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አባባ፣ ኮቴዎን ያሰሙኝ።»

ተረከዝ ቀድሞ ሲያርፍ ሴራሚኩ ቋ ይላል፣ እግር ሲጎተት ሽሽሽ። ውጭ አገር ጫማ ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ አለ፣ እዚህ ወለሉ ያንን ሠራ።

«አሁንስ ሰማሽ ልጄ?»

«ሰማሁ፣ ግራው ግን እየሰረቀ ነው።»

ሳቁና ግራውን አነሱት።

ቤት ስንሞክር ተቃጠልን። ስልኬ ላይ የጫንኩት የነፃ አፕ መሃል ላይ ማስታወቂያ ይለቃል፣ ምቱ ሲቋረጥ አባባም ሳሎኑ መሃል ቀጥ። ማስታወቂያ የሌለው ፈልጉ። መንገድ ላይ ኤርፎን አታድርጉላቸው፣ ባጃጁን መስማት አለባቸው፤ ትንሽ ስፒከር ደረት ኪስ ውስጥ ይበቃል። ሌላው ጣጣ ሰላምታ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሃምሳ ሜትር ሳይጠየቅ አይሄድም፣ አባባ ደግሞ እየሄዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ እርምጃው ይጠፋባቸዋል። አሁን ቆመው ሰላም ይሉና ምቱን አዳምጠው እንደገና ይነሳሉ።

በሽታውን አያድንም፣ መድኃኒቱንም አይተካም። ቀጠሮውን ራሱ መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ነው ያስያዘችን፣ አንድ ቀን አርፍደን ኃይሉ ሲወርድ ደርሰን ሜትሮኖሙ ብቻውን ሲጮህ ዋለ። መዞር አሁንም ያስቸግራቸዋል፣ ሳምንት ካቋረጥን ሽሽሽታው ይመለሳል። ማታ ከመኝታ ቤት ሽንት ቤት ድረስ ግን እኔን ሳይቀሰቅሱ መሄድ ጀምረዋል። ተኝቼ ኮቴያቸውን እቆጥራለሁ።

ወረፋው ረጅም ነው፣ በጠዋት ሂዱ። ሕመምተኛችሁን ግን በነጠላ ጫማ እንዳትወስዱ፣ ትመልሳችኋለች።